«ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው ወረቀት

የተከበራችሁ የክሊኒክና የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የውጤት ወረቀት ነው።

ትኩሳት ሲይዘን ክሊኒክ እንሄዳለን። ደም እንሰጣለን። ትንሽ ቆይቶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» እንባላለን። መቼም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ያልተባለ ጥቂት ነው። ሲፕሮ ይታዘዛል፣ ካልሆነም የሴፍትሪያክሶን መርፌ። ወራት አልፈው ትኩሳት ሲመለስ ያው ወረቀት፣ ያው መድኃኒት። «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» እንላለን።

ታይፎይድ የሚገባው በሰገራ በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። በወረርሽኝ የሚታወቀውን ታይፈስ የሚያስተላልፈው ደግሞ የልብስ ቅማል ነው። መንገዳቸው ለየቅል ሆኖ ሳለ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ ተያይዘው መገኘታቸው ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር።

ሁለቱንም የሚያመጡት ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ኮሌራ፣ ጨብጥ፣ በወረርሽኝ የሚነሳው ማጅራት ገትር፣ አብዛኛው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የዚሁ ወገን ሥራ ነው። ስሙ የመጣው ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 በርሊን ላይ ይፋ ካደረገው የማቅለም ዘዴ ነው። ዛሬም በየቀኑ እንሠራበታለን። ስላይዱ ላይ ሐምራዊ ቀለም እናፈሳለን፣ አዮዲን እንጨምራለን፣ በአልኮል እናጥባለን። ግራም ኔጌቲቮቹ ሐምራዊውን ይለቃሉ። መጨረሻ ላይ በምንጨምረው ቀይ ቀለም ሮዝ ሆነው ይታያሉ።

ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ግን በላዩ ሌላ ሽፋን ደርበዋል፣ ሸሚዝ ላይ ካፖርት እንደ መደረብ። ያ ሽፋን ብዙ መድኃኒት አያስገባም። ባክቴሪያው ሲፈርስ ደግሞ ከሽፋኑ የሚለቀቀው መርዝ ትኩሳቱን ያቀጣጥላል። ሲብስ የደም ግፊት አውርዶ ይገድላል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። የታይፎይዱ ምርመራ ቪዳል ይባላል፤ ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። ካርድ ላይ የሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ጠብታና የአንቲጅን (ከታይፎይድ ባክቴሪያ የተዘጋጀ ፈሳሽ) ጠብታ ቀላቅለን ለአንድ ደቂቃ ያህል እናወዛውዛለን። ከተጓጎለ «ፖዘቲቭ» ብለን እንጽፋለን። ያየነው ግን ባክቴሪያውን አይደለም። ሰውነት ባክቴሪያን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። እሱ ደግሞ ድሮ ታመን ከዳንንበት፣ ከክትባት ወይም ከሌላ ሳልሞኔላ፣ ማለትም ከታይፎይዱ ባክቴሪያ ዘመድ፣ የመጣ ሊሆን ይችላል። የታይፈሱ ምርመራማ ጭራሽ በታይፈስ ባክቴሪያ አይሠራም። ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚሠራው። ፕሮቲየስ ሽንት ቧንቧችንን ቢያጠቃም ውጤቱ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ወረቀት ምክንያት ስንት ወባ፣ ስንት ቲቢ ሳይታይ እንደሚቆይ ሳስብ ያንገበግበኛል።

እውነተኛው ታይፎይድ ግን ቀልድ አይደለም። ሳይታከም ሳምንታት ከቆየ አንጀት ይበሳል። ያን ቀን መድኃኒቱ መሥራት አለበት። ፓኪስታን ውስጥ፣ ሲንድ ግዛት፣ በ2016 የጀመረው የታይፎይድ ወረርሽኝ ሲፕሮም ሴፍትሪያክሶንም አልበገረውም። በአፍ ከሚሰጡት ለሐኪሞቹ የቀራቸው ዋናው አዚትሮማይሲን ነበር። እኛም ያለ በሽታው መርፌውን በወጋን ቁጥር አንጀታችን ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እያላመድናቸው ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች፣ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደም አብቅሎ የሚለየው ምርመራ፣ ባለበት ቦታ ደሙን ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት ውሰዱ። መድኃኒት ከተጀመረ ባክቴሪያውን ማግኘት ይከብደናል። ካልቸርም ቢሆን ሁሉንም አይዝም፤ ቀናትም ይወስዳል። ከበቀለ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለይተን እንነግራችኋለን። ፋርማሲስቶች፣ ያለ ማዘዣ «ሲፕሮ ስጡኝ» የሚላችሁን ወደ ሐኪም መልሱት። ወላጆች፣ «ምርመራው ምንድን ነው? ወባስ ታይቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

የካልቸር ጠርሙሶችና ባክቴሪያ በመድኃኒት የተፈተነበት ሳህን ፎቶ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ደም አወሳሰዱን ማየት የምትፈልጉ ከሻይ በኋላ እዚያው እጠብቃችኋለሁ። አመሰግናለሁ።