የዚያች ሌሊት ሂሳብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ውድድር ወጪ በጻፍኩ ቁጥር "ደረሰኙን ይዘሃል?" እያላችሁ የምትጽፉልኝ ሁሉ ዛሬ ደስ ሊላችሁ ይችላል፤ ምክንያቱም ደረሰኝ ሊቆረጥለት የማይችል ነገር ገጥሞኛል። እሑድ ዕለት ኢትዮጵያ የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት መጠየቋን አንሥተን ከአጎቴ ጋር ስንከራከር፣ እኔ እንደ ልማዴ የአቴንስን ኦሎምፒክ ወጪ መዘርዘር ጀመርኩ። እርሳቸውም አቋረጡኝና "ያቺን የቀነኒሳን ሌሊት በስንት ትሸጥልኛለህ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ፤ ይኸው እስካሁን ይከነክነኛል።

ማታውኑ ውድድሩን ፈልጌ አየሁት። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2004)፣ አቴንስ ላይ የተደረገው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። ኃይሌ በተረከዝ ጅማቱ ሕመም ምክንያት እየራቀ ሲሄድ ቀነኒሳና ስለሺ ዞር ብለው ያዩታል፤ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ጥቂት ይሮጡና እንደገና ይዞራሉ። ወርቅ ከፊታቸው ተቀምጦ እነርሱ ግን ታላቃቸውን ይጠብቃሉ። እንደማይደርስባቸው ሲረዱ ብቻ ተስፈነጠሩ፤ ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ሲወስዱ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ያችን ዞር የማለት ቅጽበት ወደ ኋላ እየመለስኩ ደጋግሜ ሳያት ግን፣ ዓይኔ ከሯጮቹ ላይ ተነሥቶ ስታዲየሙ ጣሪያ ላይ አረፈ።

ያንን ጣሪያ የነደፈው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ካላትራቫ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው የተገጣጠመው ይህ ግዙፍ ብረት፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በፈረንጆቹ 2023 አደጋ ሊያደርስ ይችላል ተብሎ ስታዲየሙ ተዘግቶ ነበር። በአጠቃላይ ለዝግጅቱ 9 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ እንደወጣ ይገመታል፤ በ2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ የተካሄደ የመጀመሪያው የበጋ ኦሎምፒክ በመሆኑ ለጥበቃ ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈሷል። በአሮጌው የኤሊኒኮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰል የኳስ ጨዋታ ነው) እና ለታንኳ ቀዘፋ የተሠሩት ሜዳዎች ሣር ወረሳቸው። በ2015 እና በ2016 ደግሞ በዚያው ግቢ ስደተኞች፣ አብዛኞቹም አፍጋናውያን፣ ተጠልለውበታል። እስቲ አስቡት፤ ለሶፍትቦል! ግሪክ ውስጥ ሶፍትቦል የሚጫወተው ማን ነው?

ይሁን እንጂ ግሪክን ያከሰራት ኦሎምፒኩ ነው ማለት አልችልም፤ በ2010 የአገሪቱ ዕዳ ከ300 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ስለነበር የጨዋታው ድርሻ ትንሽ ነው። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያና ሜትሮው ዛሬም ያገለግላሉ። ሎስ አንጀለስም በ1984 አትርፋለች፤ ነገር ግን ሌላ አመልካች ባለመኖሩ ውሉን እንደፈለገች መደራደር ችላለች፤ ዋናው ስታዲየሟም ቀድሞ የነበረ ነው። ከተሞች ተሽቀዳድመው ሲለምኑ ይህ ዕድል የለም፤ የውድድሩ ባለቤት የሆነው አካል የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ሲካፈል፣ በጀት ሲያልፍ ልዩነቱን የሚሸፍነው አገሩ ነው። ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ "ልክ ነህ" አሉኝ፤ ግን ጥያቄያቸውን አልተዉም።

ነገሩን የሚያባብስብኝ ደግሞ እኛ ለዚያች ሌሊት አንድ ዩሮ እንኳ አለመክፈላችን ነው። ደስታው የእኛ ሆነ፣ ዕዳው የግሪክ ግብር ከፋይ። ታዲያ አሁን ሂሳቡ በተራው ለእኛ ሲቀርብ ምን እንላለን? ብሔራዊ ቡድናችን ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ አጥቶ "በሜዳው" የሚያደርገውን ጨዋታ ለዓመታት ሰው አገር ሲጫወት ቆይቷል፤ በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 የረታነው እንኳ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። አደይ አበባ ስታዲየም ስንት ዓመት እንደፈጀ ታውቃላችሁ።

አጎቴ "ዋንጫው ካልመጣ ስታዲየሙም አያልቅም" ይላሉ። ምናልባት እውነት ነው፤ የማይገፋ ቀጠሮ ካልያዘ የማይንቀሳቀስ ሥራ አለ። ሆኖም አቴንስን ያስወደዳት ይኸው ቀጠሮ ነበር፤ ዓመታት አባክና፣ በ2000 ከኦሎምፒክ ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ ደርሷት፣ በመጨረሻ ሌት ተቀን በጥድፊያ ገነባች። እንግዲህ ቀጠሮው ያስፈልገናል ብዬ ልስማማ ወይስ ቀጠሮው ነው የሚያከስረን ልበል፤ እሱን ገና እያሰብኩበት...