በሩን ማክሰኞ ማን ይከፍታል?

በሐዋሳ የቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ለደረደሩልን ወጣቶች፣ ቡናውን ላፈሉልን እናቶች ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሥራውን ሪፖርት ጸሐፊያችን፣ የሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን በዝርዝር ያቀርባሉ። እኔ የተሠራውን ባጭሩ ጠቅሼ፣ ዓመቱን ሙሉ ወዳስጨነቀን ጉዳይ እገባለሁ።

አንድ የመጽሐፍ ምረቃ አዘጋጅተናል። የስልክ አጠቃቀም ሥልጠና ሁለት ዙር ሰጥተናል። የተገነጠሉ መጻሕፍት ተጠግነው ወደ መደርደሪያቸው ተመልሰዋል። የጋዜጣው ክፍል ቀለም ተቀብቷል። እነዚህን የሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እኮራባቸዋለሁ።

አሁን የማክሰኞው ምሽት። ከመጋቢት አጋማሽ ወዲህ የጎልማሶች የንባብ ምሽታችን ተዘግቷል። የተዘጋው ሰው ስለጠፋ አይደለም፤ ገንዘብ ስላጣንም አይደለም። ተሰብስበን አንዲት ቃለ ጉባኤ መፈራረም ስላቃተን ነው። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ የደረሰው በወሬ ብቻ ስለሆነ ከሥሩ ላስረዳ።

ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋው ከቀኑ 11፡30 ነው። የመንግሥት ሠራተኛም ከቢሮ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው። ባለ ሱቁና ልብስ ሰፊዋ ከዚያም ያመሻሉ። እንግዲህ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ቤተ መጻሕፍት ማለት፣ እሱ ከሥራ ሲፈታ የሚቆለፍ ቤት ነው። ይህን ለማቃናት በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ እስከ ምሽቱ 1፡30 በሩን ማቆየት ያስፈልጋል። ለዚህ ጥበቃው የሚያመሽበት የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ቁልፍና ንብረት በፊርማ የሚረከብ ሰው፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚተካ ባለ ባትሪ መብራት ይፈለጋል። መብራቱ አለን። ክፍያውንና ርክክቡን ለመጠየቅ ግን ከማኅበሩ ደብዳቤ መውጣት አለበት። በመተዳደሪያ ደንባችን ደግሞ ንብረት በኃላፊነት የምንረከበው ጠቅላላ ጉባኤው ሲወስን ብቻ ነው። ምልዓተ ጉባኤው ግማሽ ሲደመር አንድ ነው።

እስከ መጋቢት ድረስ አንድ የቤተ መጻሕፍቱ ባልደረባ ያለ ምንም ክፍያ፣ በፈቃዳቸው እያመሹ በሩን ያቆዩልን ነበር። ሊዛወሩ መሆኑንም አስቀድመው ነግረውናል። በጥር ጠራን፤ አልሞላም። በየካቲት ጠራን፤ አልሞላም። በመጋቢት ስንጠራ አራት ሰው ጎደለን። አራት ሰው! ባልደረባችን ተዛወሩ፤ ቁልፉም ተመለሰ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ጥያቄ የሚካተተው ግን ወራት ቀድሞ ሲገባ ነው። የእኛ ደብዳቤ ሳይገባ ዕቅዱ ተዘጋ፣ ዓመቱም አለፈ።

በዚህ መሐል ከአባላት አፍ የሰማነው፣ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ቃል «ለመሆኑ ጎልማሳ ያነባል ወይ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ስለሚገባው ጊዜ እሰጠዋለሁ።

ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሲዳምኛ፣ ማለትም ሲዳሙ አፎ፣ አንዱ ነበር። ያን ጊዜ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ሲዳሙ አፎ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሆነ። ስለዚህ በዘመቻው ፊደል የቆጠሩ እናት፣ ዛሬ የልጅ ልጃቸው ደብተር ላይ ያለውን የገዛ ቋንቋቸውን ማንበብ አይችሉም። እሳቸው ግን ማንበብ ያውቃሉ፤ የጎደላቸው መሸጋገሪያ ነው። ይህን መሸጋገሪያ ከቤተ መጻሕፍት በቀር የት ያገኙታል? ለዚህ የመደብናቸው ስድስት ምሽቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ብቻ ተካሄዱ።

እነዚያ ሁለት ምሽቶች ያስተማሩንን ለወደፊት እንዲያዝ እናገራለሁ። ትልቅ ሰውን እንደ ሕፃን ፊደል አስቆጥሮ መጀመር ስሕተት ነው፤ ያፍራል፤ በሳምንቱ አይመለስም። የሚጀመረው ከራሱ ስም፣ ከቀበሌው፣ ከገበያ ቃላት ነው። ከዚያ የሚያደናግሩት ፊደሎች ለብቻ ይወጣሉ፦ ኤክስ የምትባለው ጠ ሆና፣ ሲ ጨ ሆና፣ ኪው ቀ ሆና እንደምትነበብ። ቀጥሎ ጥብቅና ላላ ይመጣል። በግእዙ የማይታየው ጥብቀት በላቲኑ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይታያል፤ የሚረዝመውም አናባቢ እንዲሁ ይደገማል። ይህ ሲገባቸው ብዙዎቹ «እንዲህ ከሆነማ ቀላል ነው» ይላሉ፣ እውነትም ይፈጥናሉ። የሚቸገሩት አስተባባሪው ቃሉን እሱ ቀድሞ ሲያነብላቸው ነው። ዝም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ዓይን ነው። ከ40 ዓመት ወዲያ የቅርብ ዕይታ ይደክማል፤ ሰውየው ግን «ማንበብ ሰለቸኝ» ይላል እንጂ «አይታየኝም» አይልም። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ከ+1.00 እስከ +3.00 ያሉ የንባብ መነጽሮች በሣጥን ይቀመጡ። ወረቀቱን ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አርቆ ይዞ፣ ሳይጨናነቅ የሚያነብበት ዝቅተኛው ቁጥር ለእሱ ይሆናል። በሁሉም የሚደበዝዝበት ወይም ሁለቱ ዓይኖቹ የሚለያዩበት ሰው ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ። የምናባዛውም ጽሑፍ በ16 ነጥብና ከዚያ በላይ በሆነ የፊደል መጠን ይታተም።

የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ሁለት ዓመት ተምረው የጨረሱም በከተማችን አሉ። ከምስክር ወረቀቱ በኋላ የሚያነቡት ካላገኙ የለመዱት ይጠፋባቸዋል። የእኛ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ያለው ወይ የተማሪ መማሪያ ነው ወይ ወፍራም ልብ ወለድ። ለእነሱ የሚሆን፣ ስለ ዶሮ እርባታ፣ ስለ እንሰት፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ በአጭሩ የተጻፈ ነገር ለይተን አንድ መደርደሪያ እንኳ አልሰጠናቸውም።

እናቶችስ? ልጅ ይዘው ይመጣሉ፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ይወጣሉ፣ አይመለሱም። በጎን ክፍል አንድ ምንጣፍ፣ ጥቂት የሥዕል መጻሕፍትና አንድ የምትጠብቅ ሴት ከተገኙ እናቲቱ እስከ መጨረሻው ትቀመጣለች። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ሰው ነው።

ስለዚህ ጎልማሳ ያነባል። ሰዓቱ፣ ፊደሉ፣ መነጽሩና የልጁ ነገር ሲታሰብለት ያነባል።

ሁለተኛው ሙግት የተማሪዎቹ ነው። «የጎልማሳ ምሽት ተማሪ ያስነሣል» ተብሎ ተፈርቷል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ወንበር ማጣት እንደሌለበት ሁላችንም እናምናለን። ነገር ግን ማክሰኞ ከ11፡30 በኋላ እኮ ተማሪውም ወጥቷል! በሩ ቢቆይ እሱም ሁለት ሰዓት ያተርፋል። ውይይቱ በጋዜጣው ክፍል፣ ጸጥታው በዋናው አዳራሽ ይሁን፤ መሐል ያለው በር ይዘጋ። ከዚህ በላይ የሚያጣላ ነገር አላየሁም።

በሦስተኛው ላይ ግን በእውነት ተለያይተናል። ከመካከላችን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ የምረቃ ዝግጅት ይበቃል የሚሉ አሉ። የዘንድሮው ምረቃ ያማረ ነበር፤ ደራሲው ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው መጥተው ሰው ቆሞ አዳምጧቸዋል። የደከማችሁበትን አመሰግናለሁ። ሆኖም ለድንኳን፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለባነርና ለኪራይ ወንበር የወጣው ገንዘብ ለወራት የሚበቃ የውይይት መጽሐፍ ይገዛ ነበር። በዚያ ቀን እንግዶች ሲወጡ በሩ ላይ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። የምንሰጠው ቀን አልነበረንም። ምረቃው የሚጠቅመው ለማክሰኞው ሰው ሲያመጣ ነው፤ ማክሰኞው ከሌለ የመጣው ሰው የት ይሂድ?

አነስተኛ የንባብ ውይይት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እዚህ ላይ ላሳይ። ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ሲበልጥ የሚናገሩት እነዚያው አራት ሰዎች ይሆናሉ። መጽሐፉን ሙሉውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማደል በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፤ ደራሲውንም መጉዳት ነው። አምስት ቅጂ ይገዛ፤ አንዱን ቅጂ ሦስት ሰዎች በየአሥር ቀኑ ይቀባበሉት። በወሩ 15ቱም አንብበዋል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ያነበበው ወር ሲሞላ ረስቶታል፣ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ሳይጨርስ ይመጣል። ስለዚህ የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ ይመረጥ፣ ከ200 ገጽ አይብለጥ። እያንዳንዱም ሲያስረክብ ያቆመውን ገጽ ቁጥርና አንድ ጥያቄ በካርድ ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ ይተው። ውይይቱ ከእነዚያ ካርዶች ይጀመር። አወያዩ ስለ ደራሲው ሕይወት ሃያ ደቂቃ ሲተነትን ምሽቱ ያልቃል፤ ይህ ደጋግሞ ደርሶብናል።

ወንበሩ በግማሽ ክብ ይደርደር። በክረምት ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ ሲመታ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሐምሌና ነሐሴ ንግግር አይያዝ፣ የንባብና የስልክ ሥልጠና ይሁን። ፕሮጀክተር ስንጠቀም ማራገቢያው ሳይቆም ሶኬቱ አይነቀል፤ መብራት በድንገት ሲሄድ አምፖሉ የሚቃጠለው በዚሁ ነው፣ ስለዚህ የኃይል ማጠራቀሚያ ሳይኖር ባይበራ ይሻላል።

በስልክ ሥልጠናው የተማርነውም አለ። አንድ አሠልጣኝ ከአራት ሰው በላይ አይያዝ፤ የሠልጣኙንም ስልክ ተቀብሎ አይሥራለት። የመጀመሪያው ትምህርት ፊደሉን ማተለቅ ነው፤ ቀጥሎ አጭር መልእክት ማንበብ፤ ቴሌብር ከዚያ በኋላ ይምጣ። በ*127# ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ ሲያውቁ ብዙዎች ይበረታሉ። የሚስጥር ቁጥሩን ለአሠልጣኙም ቢሆን ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል» ለሚል ደዋይ ቁጥር አለመስጠትን ለብቻው አንድ ምሽት ልናደርገው ይገባል፤ በዚህ የተጎዱ ሽማግሌዎች ጥቂት አይደሉም።

ማስታወቂያችንንም እናርመው። «በቅርብ ቀን» የሚል ወረቀት ማንንም አያመጣም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ክፍሉ፣ «ነጻ ነው» የሚለው ቃል ጎልቶ ይጻፍ። መናኸሪያ፣ አሞራ ገደል፣ ልብስ ሰፊዎች ሰፈር፣ በእድር ስብሰባ ላይ ይነገር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ማክሰኞ አይደርሱልንም፤ ለእነሱ የእሑድ ከሰዓት ነገር ለብቻው ይታሰብ። በመዝገቡም ላይ የመጣውን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተመለሰውን እንቁጠር።

እናንተ ዛሬ እዚህ ያልተገኛችሁ፣ ይህ ንግግር በቃለ ጉባኤ የሚደርሳችሁ አባላት፣ ለእናንተ በቀጥታ እናገራለሁ። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ «ማኅበሩ እንዴት ነው?» ትሉናላችሁ፤ በፍቅር እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ለእድር ትደርሳላችሁ፣ ለዕቁብ ትደርሳላችሁ፣ በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት ግን ወንበራችሁ ባዶ ነበር። የአባልነት መዋጮውን በወቅቱ የከፈላችሁም ብትሆኑ ከእናንተ የፈለግነው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም። የጎደሉት አራት ሰዎች ከእናንተ መካከል ነበሩ። ሥራ፣ ሕመም፣ ሐዘን የያዘው ሰው ይቅርታ አይጠይቀኝም፤ ሌሎቻችሁ ግን አባል ሆናችሁ መቀጠል ካልፈለጋችሁ በጽሑፍ አሳውቁን፣ ስማችሁ ከዝርዝሩ ሲወጣ ምልዓተ ጉባኤው ይቀንሳል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ይህን የምለው ተቆጥቼ አይደለም፤ በሩ ተዘግቶ የተመለሱትን እናቶች አስቤ ነው።

ዛሬ ሞልተናል። ከሻይ ዕረፍት በፊት የርክክቡ ውሳኔ ይቀርባል፤ እባካችሁ ማንም ሳይፈርም አይውጣ። ደብዳቤው ነገ ይገባል። የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ እስኪፈቀድ ከማኅበሩ ሣጥን እንድንሸፍን ሐሳብ አቀርባለሁ።

የተረኞችም ሰሌዳ ተዘጋጅቷል። ዝናቡ የሚበረታበትንና በዓላቱን ስንቀንስ በዓመት 40 ያህል ማክሰኞ ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ በሩን ከፍቶ መዝገቡን ይይዛል፣ ሁለተኛው ወንበር ይደረድራል፣ መጨረሻም ላይ መብራት አጥፍቶ መስኮት ይዘጋል። አርባ ሰው ከተመዘገበ ለአንድ ሰው የሚደርሰው በዓመት ሁለት ምሽት ነው። ሰሌዳው በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እስክሪብቶም ተቀምጧል። የኅዳር የመጀመሪያው ማክሰኞ ተይዟል፤ ሁለተኛው ባዶ ነው።