«ችግር የለም» ያልኩባት ቅዳሜ

ደህና ናችሁልኝ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔ ብቻ ነኝ። እኔና ማንቆርቆሪያው። አዎ፣ ያው ማንቆርቆሪያ ነው፤ መሀል ላይ ቢያፏጭ እንዳትደነግጡ።

ስለ ብስክሌት ትምህርቱ ላወራችሁ ቃል ገብቼ ነበር። እሱ ይቆየን፣ ይቅርታ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። የእትዬ ነገር ነው።

እትዬን ታውቋታላችሁ። የቡላው ክፍል ላይ ከኋላ ሆና ስትቆጣኝ የሰማችኋት። ባለፈው ጸደይ 67 ሞላት፣ ጡረታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ደብረ ብርሃን ነው። ወንድሟ ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርቶላታል። «ከሮተርዳም ብርድ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ?» እላታለሁ። «የዛኛው ብርድ ፀሐይ አለው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየፈላ ነው። እትዬ ሰማያዊውን ፖስታ ከሶፋው ትራስ ስር አወጣችው። እዚህ የምትኖሩ ሰማያዊ ፖስታ ሲባል ልባችሁ እንዴት ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ። የኔዘርላንድ ግብር መሥሪያ ቤት ነው። ቤላስቲንግዲንስት። ደብዳቤው እንኳ ምንም አይደለም፣ የተለመደው ነው። ግን እሱን ይዛ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሀገሬ ብገባ ይሄ ሰውዬ ከጡረታዬ ስንት ነው የሚወስደው?»

«ሰውዬ» የምትለው መንግሥትን ነው።

እኔ ደግሞ እየመጣሁ ትራም ላይ አንብቤ ነበር። አሥር ደቂቃ። በቃ፣ አሥር ደቂቃ ያነበበ ሰው ድፍረቱ አያድርስ። «ችግር የለም እትዬ፣ እንዲያውም ግብሩ ይቀንስልሻል» አልኳት።

ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠች። ስልኳን አነሳች። እዚያው፣ ፊቴ፣ ወንድሟ ጋ ደወለች። «አንተ፣ በሩን ብረት አድርገው። ቆርቆሮ እንዳይሆን። ልጅቷ አይታልኛለች፣ ችግር የለም ብላለች።»

ልጅቷ አይታልኛለች።

ይቺ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። አላየሁላትማ። ግማሹን ነው ያየሁት።

ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ እናት፣ አክስት፣ አባት አላችሁና። በ2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምላችሁ) እዚህ የሚኖር ጡረተኛ ከመጀመሪያው እርከን ገቢው ላይ 17.92 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። እርከኑ በዓመት እስከ 38,441 ዩሮ ነበር። ከዚህ ውስጥ ግብር የሚባለው 8.17 በመቶው ብቻ ነበር። የቀረው 9.75 ለማኅበራዊ ዋስትና የሚከፈል መዋጮ ነው፤ አብዛኛው ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚሄድ። ሀገር ለቀህ ከዋስትናው ስትወጣ መዋጮው ይቆማል። 8.17 ብቻ። እኔ ትራም ላይ ይቺን አየሁና ደስ አለኝ። ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው አይደል?

አይደለም። ሌሊት ረቡዕ ዕለት ቁጭ ብዬ ሳነበው ነው የገባኝ። እዚህ ስትኖር ሄፊንግስኮርቲንግ የሚባል የግብር ቅናሽ አለ። አጠቃላዩ፣ የአረጋውያኑ፣ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ደግሞ የራሱ። ሦስቱ ሲደመሩ በ2025 ከ4,000 ዩሮ በላይ ይሆኑ ነበር። የእትዬን ገቢ በዓመት 12,000 ዩሮ እንበል። 17.92 በመቶው 2,150 ይመጣል። ቅናሹ ሁሉንም ይውጠዋል። ስለዚህ እትዬ እዚህ ተቀምጣ የምትከፍለው ዜሮ ነው።

ሀገር ስትለቅስ? ከ2015 ጀምሮ ቅናሹን ይዞ መሄድ የሚችለው በአውሮፓ ኅብረት፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድ፣ በሊክተንስታይን፣ በስዊዘርላንድ፣ ወይም በእነ ቦናይር፣ በካሪቢያን ባሉት የኔዘርላንድ ደሴቶች፣ የሚኖር ሰው ነው። እሱም ገቢው 90 በመቶው ኔዘርላንድ ውስጥ ግብር የሚከፈልበት ከሆነ። ደብረ ብርሃን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም። 8.17 በመቶ ከ12,000 ላይ 980 ዩሮ ነው። ኔዘርላንድ የማስከፈል መብት እስካላት ድረስ ማለቴ ነው።

ከዜሮ ወደ 980። እኔ «ይቀንስልሻል» ነው ያልኩት።

...ቆይ፣ ማንቆርቆሪያው።

እሺ። ደግሞ ሀገርና ሀገር ይለያያል። ታች የነበሩት ጎረቤቴ፣ ቱሊፕ የሰጡኝ ሰውዬ፣ ስፔን ገብተዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ወደብ ላይ ለግል ኩባንያ ነው የሠሩት። ኔዘርላንድና ስፔን በ1971 የተፈራረሙት የግብር ውል አለ። በእሱ መሠረት የሥራ ጡረታቸውን ግብር የምትወስደው ስፔን ናት። የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ ኖሮ ግን ግብሩ እዚሁ ኔዘርላንድ ይቀር ነበር። ጀርመን የሄደ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከኔዘርላንድ የሚመጣለት ጡረታ በዓመት ከ15,000 ዩሮ ካለፈ ኔዘርላንድ ታስከፍለዋለች። ከኢትዮጵያም ጋር በ2012 የተፈረመ ውል አለ። ውሉ ቢኖርም ግን በራሱ አይሠራም። ግብር አይቆረጥብኝም የሚል ሰው ራሱ ጠይቆ ማረጋገጫ ማውጣት አለበት። እስከዚያ ጡረታውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ይቆርጣል።

አንድ የማውቀው ደግሞ ከጡረታው በፊት ሀገር ለቆ ሲሄድ ትልቅ ሰማያዊ ፖስታ መጣለት። ውስጡ ያለው ቁጥር የቤት ዋጋ ያክላል። ለካ ኮንሰርቬሬንደ አንስላኽ የሚሉት ነው። ለተጠራቀመው የሥራ ጡረታ የተሰላ ግብር። አሁን ክፈል አይሉህም፤ 10 ዓመት ይቆያል፣ ጡረታውን በአንድ ጊዜ አውጥተህ ካልበላኸው ይሰረዛል። እሱ ግን ያን ሳያነብ ቁጥሩን አይቶ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ለሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲጻፍ «አትደንግጥ» የሚለው መስመር ለምን ከላይ አይቀመጥም? እኔ ብሆን በትልቁ ነው የምጽፈው።

ወዴት ሄድኩ... እትዬ።

ግብሩ እኮ ትንሹ ነው። ረቡዕ ሌሊት ያስለቀሰኝ ሌላኛው ነው። አ.ኦ.ቬ. የሚባለው የመንግሥት ጡረታ የሚጠራቀመው በዓመት 2 በመቶ ነው። 50 ዓመት እዚህ የኖረ ሙሉውን ያገኛል። እትዬ በ1996 ስትመጣ 38 ዓመቷ ነበር። 29 ዓመት። 58 በመቶ። የጽዳት ሥራው ጡረታ ደግሞ ያው ትንሽ ናት። ስለዚህ የጎደለውን የሚሞላላት አ.ኢ.ኦ. የሚባል ማሟያ አለ። ያንን ማሟያ ይዞ ሀገር መልቀቅ አይቻልም። ከሀገር ውጪ መቆየት የሚቻለው በዓመት 13 ሳምንት ነው። ጠቅልላ ከሄደች ይቆማል። ሙሉ በሙሉ። የቤት ኪራይና የጤና መድን ድጎማዎቹም አብረው ይቆማሉ። መድኑም ራሱ።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ ሌሊት ብቻዬን ቤት ውስጥ እየተራመድኩ ተናደድኩ። 29 ዓመት ጨለማ ሳይገፈፍ ተነስታ የሰው ቢሮ ያጸዳች ሴት ናት። ጉልበቷን ታውቃላችሁ፣ ደረጃ ላይ እንዴት እንደምትወጣ። ከደመወዟ ለሽማግሌዎቹ ጡረታ እስከ 17.9 በመቶ ሲቆረጥ ነው የኖረው። ታች የነበሩት ጎረቤቴ አባታቸው ጡረታ ሲቀበሉ «ከድሬስ እቀበላለሁ» ይሉ እንደነበር አጫውተውኛል። ድሬስ በ1947 የአረጋውያን ድጋፍ ሕግ ያወጡት ሰውዬ ናቸው። አ.ኦ.ቬ. ራሱ የጀመረው በ1957 ነው። ይሄን ሲያወሩ ድሬስን እንደ አጎታቸው ነው የሚጠሯቸው። እትዬ ግን ማንን ትጥራ? «ሰውዬ» ነው የምትለው።

ግን ደግሞ... አላውቅም። ጠዋት ቀዝቅዤ ሳስበው ሕጉም የራሱ ነገር አለው። ማሟያው የተጠራቀመ ጡረታ አይደለም። እዚህ እየኖረ ከኑሮ ወለል በታች ለወደቀ ሰው ከጠቅላላው ግብር የሚሰጥ ድጋፍ ነው። የሮተርዳም ዳቦና የደብረ ብርሃን ዳቦ አንድ ዋጋ አይደለም። ይሄን ለራሴ ስነግረው ይገባኛል። እትዬ ፊት ቁጭ ብዬ ልነግራት ስሞክር ግን አፌ ላይ ይደርቃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ልነግራት ቆርጬ ነው የሄድኩት። ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ሽሮ እያማሰለች ነው። ስለ ግብሩ ነገርኳት። ቅናሹን፣ 980ውን። «እና ተሳስተሽ ነበር?» አለችኝ። «አዎ እትዬ፣ ተሳስቼ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።» «ይቅር ይበልሽ» አለች፣ ማማሰያውን አላቆመችም። «980 ምን አላት፣ እዛ ሽንኩርት ራሴ እተክላለሁ።»

አያችሁ? እዚያ ላይ ማቆም አልነበረብኝም። ማሟያውን መንገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። «እትዬ» አልኩ። «እህ» አለች። ከዚያ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ጨው አነሰው።»

ሳልቀምሰው እኮ ነው።

በላን። ዕቃ አጠብኩ። ልወጣ ጫማዬን ሳደርግ፣ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ።

«13 ሳምንት ስንት ወር ነው?»

ታውቃለች። ምናልባት ከእኔ ቀድማ ታውቅ ነበር። ምናልባት ቤተ ክርስቲያን ሰው ነገራት፣ ምናልባት ከደብዳቤዎቹ አንዱን መዝገበ ቃላት ይዛ አንብባዋለች፤ ታደርገዋለች እሷ። ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ለምን ጠየቀችኝ? ልታረጋግጥ? ወይስ ከሌላ ሰው አፍ «ችግር የለም» የሚል ነገር መስማት ፈልጋ? ይሄን ሦስት ሳምንት ነው የማገላብጠው። አንዳንዴ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ያኔ ጥፋቴ የሚቀልልኝ ይመስለኛል፣ ከዚያ ደግሞ ይብስብኛል።

«ሦስት ወር» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። ቀስ ብላ። «ከጥቅምት መባቻ እስከ ገና» አለች።

ቤት ገብቼ ቆጠርኩት። 88 ቀን ነው። ልክ ናት፣ ሦስት ቀን ይተርፋታል። ይሄ ሁሉ ካልኩሌተር ይዤ ሌሊት ያደርኩበትን እሷ በበዓል ቆጥራ ጨረሰችው። ገናን እዛ ታከብራለች፣ ትመለሳለች። ቤቷም ማሟያዋም እዚሁ ይቆያል። ይሆናል እኮ። ክፉ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው፤ ግማሽ እዛ፣ ግማሽ እዚህ። ከስድሳ ሰባት ዓመት በኋላ ሻንጣ ይዞ መመላለስ...

እና ደረጃውን ስወርድ ከላይ ጠራችኝ። ቀና ብዬ አየኋት።

«ፋሲካስ?» አለችኝ።

ምንም አላልኩም። እጄን ብቻ አወዛወዝኩላት፣ እንደ ቻው። ምን ዓይነት መልስ ነው እሱ?

ማክሰኞ ዕለት ወንድሟ ፎቶ ላከልኝ። ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። በሩ ተገጥሟል። ብረት ነው፣ ቡኒ ቀለም፣ ከላይ ትንሽ አበባ ነገር አበያይዘውበታል። «ልጄ፣ ወደደችው ወይ? አሳዪያት» ይላል ከስሩ። እስካሁን አላሳየኋትም። ዛሬ ማታ እሄዳለሁ መሰለኝ። ወይ ነገ...

ማንቆርቆሪያው ፈላ። ቆይ መጣሁ።