ለቆሽት በሽታ አይጥ ምን ትነግረናለች?

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ?

ዛሬ የማነሳው የቆሽት መቆጣትን ነው። ቆሽት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመርታል። ኢንዛይሞቹ ሥራ መጀመር ያለባቸው አንጀት ሲደርሱ ነው። በዚህ በሽታ ግን እዚያው ቆሽት ውስጥ ይነቁና ራሱን ቆሽትን ይጎዱታል። በሰው ላይ ዋነኞቹ መንስኤዎች የሐሞት ጠጠርና አልኮል ናቸው።

የታማሚን ቆሽት በየሰዓቱ ቆርጦ ማየት አይቻልም። እንስሳ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። ፈረንሳዊው ክላውድ በርናርድ በ1856 እ.ኤ.አ. የውሻ ቆሽት ውስጥ ሐሞት ጨምሮ በሽታውን አስነስቷል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሴሩሊን የተባለ፣ ቆሽትን ኢንዛይም እንዲያመነጭ የሚገፋፋ ንጥረ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ከአውስትራሊያ እንቁራሪት ቆዳ ነው። አይጧ በየሰዓቱ ትወጋለች፣ በሰዓታት ውስጥ ቆሽቷ ያብጣል። ቀላል ዘዴ ነው። ግን ሕመሙም ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፤ አይጧ በቀናት ውስጥ ታገግማለች። ከባዱን በሽታ ማየት የሚፈልግ አርጂኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) በብዛት ይወጋል፣ ወይም የሐሞት ጨው ወደ ቆሽት ቱቦ ያስገባል።

አልኮል ብቻውን ደግሞ የአይጥን ቆሽት አያስቆጣም፤ ሌላ ጉዳት ሲታከልበት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ብዙ ከሚጠጡ ሰዎችም በዚህ በሽታ የሚያዙት ጥቂቶች ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰዓቱ ነው። በብዙ ጥናቶች አይጧ መድኃኒቱን የምታገኘው ከመታመሟ በፊት፣ ወይም ገና እንደታመመች ነው። ሌክሲፓፋንት የተባለው መድኃኒት በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ290 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ የተጠበቀውን አላመጣም። አንዱ ችግር ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ ጉዳቱ ቀድሞ መሄዱ ነው።

እስቲ ከመንዝ ገጠር የሚነሳ ታማሚ አስቡ። መጀመሪያ የጨጓራ ነው ብሎ ቤቱ ይተኛል። ሲብስበት ሰው ይሸከመዋል፣ ከዚያ መኪና ይፈለጋል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ቀናት አልፈዋል። ለእሱ የሚሆን መድኃኒት የሚፈልግ ተመራማሪ፣ አይጧንም ዘግይቶ ማከም አለበት።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንዲህ ያለ ታማሚ ሲገጥማችሁ የመጣበትን ሰዓት ብቻ አትጻፉ። ሆዱን መቼ እንደጀመረው ጠይቁና ካርዱ ላይ አስፍሩ። ቤተ ሙከራ ያለው ሰው አይጧን መቼ ማከም እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው።

አመሰግናለሁ።