ካርታው ላይ ነጭ ነው፣ ጎርፉ ግን መጣ

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን ላይ የሰሜን ሸዋ የዝናብ ካርታ። ጣርማ በር ጥቁር ሰማያዊ፣ ሸዋ ሮቢት ነጭ።]

እስቲ ይሄን ካርታ እዩት። ጣርማ በር ላይ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሮቢት ላይ ምንም የለም። አሁን ሮቢት ወንዝ ዳር ሽንኩርት ተክላችኋል እንበል። ምን ትላላችሁ? «እኛ ጋ የለም» ብላችሁ ስልኩን ኪስ ትከታላችሁ፣ ፓምፑም እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ያድራል።

ካርታው አልዋሸም። የቀባው ዝናቡ የሚወርድበትን ቦታ ነው። ውሃው የሚሄድበትን ግን አልቀባም።

[ምስል፦ ተራራው ከጎን ሲታይ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሰማያዊ መስመር።]

ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ነው። ጃኬት ለብሶ ከደብረ ብርሃን የተነሳ ሰው ደብረ ሲናን አልፎ ሮቢት ሲደርስ በካናቴራ ነው የሚወርደው። ውሃውም ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ያውም እንደ መኪናው መጠምዘዣ ሳይጠብቅ። ስለዚህ ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

[ምስል፦ ጀሪካኖች እየተደረደሩ።]

«30 ሚሊ ሜትር ይዘንባል» ሲባልስ? ማን ይታየዋል! 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ጥማድን ሩብ ሄክታር ብለን ብንይዘው፣ 30 ሚሊ ሜትር 75,000 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 3,750 ማለት ነው። መሬቱ የሚጠጣው አለ፣ እሺ። ግን ደጋው አንድ ጥማድ አይደለማ።

የቀለሙ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ የዝናብ ካርታ ላይ አረንጓዴ ማለት ዝናብ አለ ማለት ነው። የማስጠንቀቂያ ካርታ ላይ ደግሞ አረንጓዴ «ሥጋት የለም» ነው። ሁለቱ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተከታትለው ሲለቀቁ አስቡት።

ይሄ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍሎሪዳ ላይ ቻርሊ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ፣ ብዙ ሰው ካርታው መሃል ያለችውን ወደ ታምፓ ከተማ የምታመለክት ቀጭን መስመር ብቻ ነበር የሚያየው። ነፋሱ ቀድሞ ታጠፈና ፑንታ ጎርዳ የምትባለውን ሌላ ከተማ መታ። ፑንታ ጎርዳ እኮ ካርታው ላይ በተቀባው የሥጋት ክልል ውስጥ ነበረች!

የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አሁን የሚመክረው፣ አየሩ ምን እንደሚሆን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ንገሩ ነው። እኔ በዚህ እስማማለሁ።

[ምስል፦ ያው ካርታ፣ አሁን ወንዙ፣ ድልድዩና ቤተ ክርስቲያኑ በእጅ ተስለውበት።]

ካርታውን ለአጎቴ ሳሳያቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «የኛ ቤት የቱ ጋ ነው?» ብለው ነው። ካርታው ላይ የወረዳ ወሰን እንጂ ወንዝ የለም፣ ድልድይ የለም። በእስክሪብቶ ወንዙን ከላይ እስከ ታች ሳብኩት፣ ድልድዩንና ቤተ ክርስቲያኑን ጨመርኩ። ትንሽ አዩትና «ኧረ ይሄማ እኛው ጋ ነው የሚመጣው!» አሉ። ወዲያው ልጃቸውን ጠርተው ፓምፑን እንዲያነሳ ላኩት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በስንት ሰዓት ይደርሳል?» አሉኝ።

ካርታው ላይ ሰዓት አልነበረም።