ፊደሉ ለምን ይወድቃል?

ሜሮን፦ እሺ፣ ብሩክ ዛሬ ስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ይዞ መጥቷል። ምንድን ነው ይሄ?

ብሩክ፦ የአያቴ የብራና ዳዊት ነው። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ በቀደም አንድ የአማርኛ መተግበሪያ ስሠራ ርዕሱ ጎላ እንዲል ብዬ ፊደሉን አዘነበልኩት። ደንበኛዬ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ አዩትና «ፊደሎቹ ለምን ይወድቃሉ?» አሉኝ።

ሜሮን፦ ልክ ናቸው እኮ! ማዘንበሉ የጣሊያን ነገር ነው። በ1501 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ውስጥ አልዶ ማኑዚዮ የሚባል አታሚ የዘመኑን የእጅ ጽሑፍ አስመስሎ ባስቀረጸው ፊደል መጽሐፍ አወጣ። የላቲን እጅ ሲፈጥን ያዘነብላል፣ ስለዚህ እዚያ ያምራል። የእኛ ጸሐፊ ግን በመቃ ብዕር ፊደሉን አንድ በአንድ ነው የሚያቆመው።

ብሩክ፦ ማታ ቤት ገብቼ ይሄን ዳዊት ገለጥኩት። ግእዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ አይደል? ታዲያ ጸሐፊው አንድን ቃል ማጉላት ሲፈልግ ምን አደረገ? ቀለም ቀየረ። የመዝሙሩ መጀመሪያ በቀይ፣ ከኋላ ውዳሴ ማርያም ላይ የእመቤታችን ስም በቀይ፣ ሌላው በጥቁር። ገና ስትገልጪው ዓይንሽ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ሜሮን፦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም እንደዚያው ነው። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ ዞሮ ያይሃል፤ ክፉው በጎን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ማን ማን እንደሆነ ይገባዋል።

ብሩክ፦ ደግሞ ይሄን እዪልኝ፣ ላጉላልሽ። ዳርና ዳሩ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ይታዩሻል? በወስፌ የተወጉ ናቸው። ከቀዳዳ ቀዳዳ ያለ ቀለም ጭሮ ነው ያሰመረው፤ እኛ ዲዛይነሮች ግሪድ የምንለው፣ ጽሑፉ የሚሰለፍበት የማይታይ መስመር ማለት ነው። ዳዊት ላይ አንድ ስንኝ አንድ መስመር ነው። አልበቃ ሲለው ፊደሉን አያሳንስም፣ የተረፈችውን ቃል መስመሩ ጫፍ ላይ ከፍ ወይ ዝቅ አድርጎ ይሸጉጣታል።

ሜሮን፦ እኛ ደግሞ አማርኛው ስልክ ላይ የሚነካው ቁልፍ ውስጥ አልገባ ሲል እስከማይነበብ እናሳንሰዋለን! እኔን የሚያናድደኝ ምን መሰለህ፣ «ኢትዮጵያዊ ዲዛይን» ሲባል ዳር ላይ ጥለት ለጥፎ መሄድ። ጥለቱ ያምራል፣ ግን ጽሑፉ አሁንም አይነበብም። ቆይ ግን፣ ስልክ ላይ ቀይ ቀለም የስህተት ምልክት ነው። ሰው ይደነግጣል።

ብሩክ፦ እኔም እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ቀዩን ከብራናው ላይ ወሰድኩት፤ ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ ነው። ከዚያ ለርዕስ ብቻ አደረግኩት፣ የስህተት መልእክቱ ላይ ደግሞ ምልክት ጨመርኩ። መልሼ ለሴትዮዋ አሳየኋቸው።

ሜሮን፦ ምን አሉ?

ብሩክ፦ ስለ ፊደሉ ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።