ቅዳሜ ጠዋት ከመጋዘኑ በር ላይ
(በእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ የኮሚቴ አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ከሂሳብ ሪፖርቱ በፊት ይህችን ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማነሳው የመዋጮም የድንኳን እድሳትም ጉዳይ አይደለም። የጤናችን ጉዳይ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ። የምነግራችሁ የደረሰብኝን፣ ሐኪም ያስረዳኝንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን ነው።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንድ ቅዳሜ የደም ግፊት በነጻ የሚለካበት ድንኳን ተተክሎ ነበር። እናቴን ላስለካ ይዣት ሄድኩ። የእሷ ደህና ሆነ። ነርሷ ወደ እኔ ዞር ብላ «እርስዎም ይቀመጡ» አለችኝ። 165 በ100። ትንሽ አሳረፈችኝና ደግማ ለካችኝ። ያው ነው። «ራስዎን ያምዎታል?» አያመኝም። «ያዞርዎታል?» አያዞረኝም። እንቅልፌ ደህና፣ ምግቤ ደህና። ምንም የለብኝም ብዬ የምኖር ሰው ነበርኩ።

ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል ደም ሥርን ድምፁን አጥፍቶ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ፣ በዓለም ላይ ደም ግፊት ካለባቸው 1.28 ቢሊዮን ጎልማሶች መካከል 46 በመቶው እንዳለባቸው አያውቁም። ከሁለት ሰው አንዱ ማለት ይቻላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥም እንደ እኔ «ምንም የለብኝም» ብሎ የተቀመጠ ሰው ሳይኖር አይቀርም። እባካችሁ ተለኩ። ደቂቃ አይፈጅም።

ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ። ጨው ቀንስ አለኝ። ከዚያ «በሳምንት አምስት ቀን፣ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ» አለኝ። መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀመርኩ። ጨዉን ባለቤቴ ቀነሰችልኝ። እርምጃው ግን አምስት ወር ቆየ።

በአምስቱ ወር ምን እል እንደነበር ልንገራችሁ። ሰኔ ላይ «የበጀት መዝጊያ ነው፣ ሥራ በዝቶብኛል» አልኩ። ሐምሌና ነሐሴ «ክረምቱ ይውጣ» አልኩ። መስከረም ላይ «በዓሉ ይለፍ፣ ልጆቹ ትምህርት ይጀምሩ» አልኩ። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ «በዚህ ብርድ ጠዋት መውጣት ምች መጥራት ነው» አልኩ።

ሁሉም እውነት ይመስል ነበር። ዝናቡም ነበረ፣ ብርዱም ነበረ። ያስቀረኝ ግን ፍርሃት ነው። የፈራሁትም እናንተን ነው።

ቱታ ገዝቼ ነበር። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየወረዱ ነው። ኮቴያቸው እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ወዲያው ሌላ በር ተከፈተ። ቱታውን አውልቄ ተመልሼ ተኛሁ። «በዚህ ዕድሜው ምን ነካው» ይሉኛል ብዬ ነው። ቦርጬን ያያሉ ብዬ ነው። «ሦስት ቀን ወጥቶ ተወው» ይሉኛል ብዬ ነው። ይህቺ የመጨረሻዋ ከሁሉም ትብሳለች። ጀምሮ ሲያቆም ሰው እንዳያየው የሚሰጋ ብዙ ነው። እንዲያ ከሚሆን ሳይጀምር ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ። አንድ ጡረታ የወጡ አባት «ልጆቼን ድሬ በዚህ ዕድሜዬ ዱብ ዱብ ስል ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?» አሉኝ። አንዲት እናት ቱታ መልበስ እንደሚያሳፍራቸው ነገሩኝ። እናቶቼ፣ በቀሚስም ይሄዳል፣ ነጠላ ደርቦም ይሄዳል። የሚያስፈልገው እግር የማይልጥ ጫማ ብቻ ነው። አንዲት እህት ደግሞ ጠዋት ስትወጣ ወጣቶች እንደሚለክፏት ነገረችኝ። የእሷን ከሰበብ አትቁጠሩት። እውነተኛ ችግር ነው፤ ሊያፍሩ የሚገባቸውም ለካፊዎቹ ናቸው። ወንድሞቼ፣ ልጆቻችን ናቸውና እቤታችን እንንገራቸው።

አሁን ብዙ ጊዜ ሳሰላስለው ወደኖርኩት ነገር ልምጣ።

እንደምንም ጀምሬ በስምንት ወር ሰባት ኪሎ ቀነስኩ። ግፊቴም ወረደ። ሐኪሙ ደስ አለው። ሰፈሩ ግን ደነገጠ። «ምነው ከሳህ?» «ደህና ነህ ግን?» ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አንዲት እናታችን እጄን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። «ልጄ፣ የደበቅከኝ ነገር አለ?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እኚህ እናት በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ወጣት ነበሩ። መክሳት ምን እንደሆነ በዓይናቸው አይተዋል። እሱ ሲያልፍ ኤችአይቪ መጣ። እድሮች አንዱ ለቅሶ ቤት የተከሉትን ድንኳን ነቅለው በቀጥታ ሌላ ቤት የሚተክሉበት ዘመን ነበር። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወጣት ሲከሳ ሰፈሩ ሁሉ በልቡ ያለቅስ ነበር። እዚህ የተቀመጣችሁ ታላላቆቻችን ታስታውሳላችሁ።

ስለዚህ በእኛ ዘንድ «ወፈርክ» ምርቃት ሆነ። ተመችቶሃል፣ ጠግበሃል፣ ከመከራ ርቀሃል ማለት ነው። «ከሳህ» ደግሞ ስጋት ሆነ። የእኚያ እናት ጥያቄ ፍቅር ነበር። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ቡና እየጠጣን የግፊቴን ካርድ አሳየኋቸው። ቁጥሩ ከወር ወር እንዴት እንደወረደ አስረዳኋቸው። አቅፈው ሳሙኝ።

ዘመኑ ግን ተለውጧል። የእድራችን መዝገብ ሰው በምን እንደሞተ አይጽፍም። ድንኳን ውስጥ የምንሰማውን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ስትሮክ፣ ልብ፣ ስኳር፣ ኩላሊት። «ደህና አምሽቶ ነበር» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰማነው? የድሮው ፍቅራችን ለድሮው አደጋ የተሠራ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ቦርጩን ሊቀንስ ሲነሳ «ታመምክ እንዴ?» ብለን እናስደነግጠዋለን። ጥቂት ኪሎ የጨመረውን «አማረብህ» እንለዋለን። አንዳችን ለሌላችን ሰበብ ሆነናል። እኔም ሆኛለሁ። ሶምሶማ የጀመረ ጎረቤቴን «ምን አስጨነቀህ፣ አርፈህ ተቀመጥ» ያልኩበትን ቀን አልረሳውም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ከሰው ዓይን ሌላ ያለው ትልቁ ፍርሃት የልብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዳገቷ ደግሞ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ቀን ትንሿን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ልቤ ደረቴን ደበደበው። «ዛሬ አለቀልኝ» አልኩ። ሐኪሙ ያስተማረኝ መለኪያ ቀላል ነው። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልክ ነው። ማውራትም ካቃታችሁ ቀስ በሉ። ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን ሊያስት የሚል ስሜት ከመጣ ግን ወዲያው ቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። እንዲህ ያለው ነገር ቀድሞ የነበረበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም እንዲሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር፤ ማታ ደግሞ እግራችሁ ቆስሎ እንደሆነ እዩት።

ጉልበት የሚያማቸው ወላጆቻችን «እኛማ አንችልም» ይላሉ። ትችላላችሁ። ከሜዳ ጀምሩ፣ ዳገቱን ተዉት። እቤት ጠንካራ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ በሉ። አምስት ጊዜ፣ ስትለምዱት አስር። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ሸክሙ ይቀልለታል። ቢያብጥ አርፋችሁ ታዩታላችሁ።

«ጾም ነው» የሚለውም አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ 55 ቀን ቁጭ ማለት ግን የጾሙ ሥርዓት አይደለም። እህል ከመቅመሳችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ለስለስ ያለ እርምጃ ይበቃል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም በረመዳን ከማፍጠሪያው ሰዓት በፊት እንዲሁ ማድረግ ይችላሉ። ውሻ የምትፈሩ ደግሞ ልክ ናችሁ፣ ጠዋት ጠዋት መንገዱ የእነሱ ነው። ሲጮሁባችሁ አትሩጡ። ብቻችሁንም አትውጡ።

ጊዜ የለኝም ለምትሉ አንድ መልካም ነገር ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ድሮ «ቢያንስ አስር ደቂቃ ሳይቋረጥ» ይል ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ያንን ቅድመ ሁኔታ አነሳው። አራተኛ ፎቅ በእግር መውጣት ይቆጠራል። አንድ ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ ወርዶ መሄድ ይቆጠራል። የእኛ ሕንፃ ሊፍት የለውም ብለን ስናማርር ኖረናል፤ እኔ አሁን ደረጃውን በቀን ሦስት ጊዜ ስወጣው ደቂቃዬን እቆጥራለሁ።

የኅዳሩን ታላቁ ሩጫ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ነበር የሮጠው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ አንደኛ ወጣ። እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ከኋላ ወደሚመጣው ሕዝብ ነው። አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር እየተራመዱ ይመጣሉ። ሞላ ያሉ ሴቶች እየጨፈሩ ያልፋሉ። ማንም «በዚህ ዕድሜ?» አይልም። ማንም ቦርጭ አይቆጥርም። ጎህ ሲቀድ መስቀል አደባባይ ሄዳችሁ ደረጃ ለደረጃ የሚሮጠውን ሰው ብታዩም ያው ነው። ብዙ ስለሆኑ ነው። ብቻውን የሚሮጥን ሰው ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። ሃምሳ ሰው አብሮ ሲሄድ ግን ማን ማንን ቆሞ ያያል?

እኛ ደግሞ መሰብሰብ እናውቅበታለን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጡሩንባ ቢነፋ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳን እንተክላለን። ወንበር እንሸከማለን። ብረት ድስት እናወጣለን። ለሞተ ጎረቤታችን እንደዚህ የምንነሳ ሰዎች ነን። ላለው ጎረቤታችንም በሳምንት አንድ ጠዋት እንነሳ ብዬ ነው የመጣሁት።

ሐሳቤ ይህ ነው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ከሚቀመጥበት ከእድራችን መጋዘን በር ላይ እንገናኝ። እስከ አስፋልቱ ደርሰን እንመለሳለን። ደርሶ መልስ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የምንሄደው በጣም ቀስ በሚለው ሰው ልክ ነው። መሮጥ የሚፈልጉ ልጆች ቀድመው ሄደው ይጠብቁናል። ቱታ ያለው በቱታ፣ የሌለው በለበሰው ይምጣ። መዋጮ የለም። ስም አይጠራም፣ የቀረም አይቀጣም። ሁለት ሳምንት ቀርቶ በሦስተኛው የመጣ ሰው «የት ነበርክ?» እንዳይባል ከአሁኑ እለምናችኋለሁ። «እንኳን መጣህ» ብቻ እንበለው። ከስቶ ለመጣም «አይዞህ፣ በርታ» እንበለው።

ኮሚቴው ከፈቀደ የግፊት መለኪያ መሣሪያ እገዛለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ይቀመጥ። ከመሄዳችን በፊት ቁጭ ብለን እየተለካን ቁጥራችንን በየደብተራችን እንጽፋለን።

ቅዳሜ ከ12 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ እዚያ ነኝ። ለውሻው ዱላ እኔ እይዛለሁ። ዝናብ ከመጣም ጃንጥላ ይዤ እቆማለሁ። እስከ 12 ከ45 እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።